በአደራ የተሰጠችኝ ቅጠል

አንድ ነገር ልናዘዝ። እስካለፈው መስከረም ድረስ አበባ የማያወጣ ተክል ለእኔ ተክል አልነበረም። ሰው ቤት ሄጄ ጽጌረዳ ካየሁ አፌን ሞልቼ አደንቃለሁ፤ ቅጠል ብቻ በባልዲ የደረደረ ሰው ካጋጠመኝ ግን መቼ ነው የሚያብበው ብዬ እጠይቃለሁ። አያብብም፣ እንዲሁ ለቅጠሉ ነው የተባልኩ እንደሆነ ፊቴ ላይ የሚወጣውን ሐዘኔታ ባለቤቴ ስለምታውቀው ቀድማ በክርኗ ትጎሽመኛለች። ቅጠል ማለት ለእኔ ወይ ጎመን ነው፣ ወይ ጌሾ ነው። ከሁለቱ ካልሆነ ምን ሊሠራ ግቢ ውስጥ እንደቆመ አይገባኝም ነበር።

ጥፋቱ የሥራዬ ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ርዕስና ቁጥር የሌለውን ነገር ዓይኑ አያየውም። ጡረታ ስወጣ ቁጥር የምሰጠው ነገር አጣሁና የቤታችንን ወረቀት ሁሉ እየለየሁ ፎልደር ውስጥ ከተትኩ፤ የውሃ ደረሰኝ ለብቻ፣ የመብራት ለብቻ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ ለብቻ። ልጆቹ የራሳቸውን ልጆች ማስከተብ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ካርዱ ግን አለ። ወረቀቱ ባለቀብኝ ሰሞን ትልቋ ልጄ አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ። ስልኩ ውስጥ የተክል ፎቶ ሲያነሱ ስሙንና አያያዙን የሚናገር መተግበሪያ ተገኘ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግቢያችን መዝገብ ቤት ሆነ።

ግቢ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ወጥ ቤት፣ ከፊቱ ደግሞ ሁለት ፍራሽ የሚያሰጣ ባዶ ቦታ ነው። ባዶው ቦታ ላይ ባለቤቴ ዘነቡ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ተክላለች። እኔ ፎቶ እያነሣሁ፣ ስልኩ የነገረኝን ስም በነጭ ፕላስተር ላይ እየጻፍኩ፣ ፕላስተሩን እንጨት ላይ እየለጠፍኩ ከየሥራቸው ቸከልኩ። ስልኩ አሪቲውን ካሮት ነው አለ። ጠጅ ሳሩን ሰኞ ሩዝ፣ ማክሰኞ ሸንኮራ አለው። ጤና አዳሙን ደግሞ አንድ ሩቅ ደሴት ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ተክል ነው ብሎ ስላስደነገጠኝ ዙሪያውን በድንጋይ አጠርኩት። ዘነቡ ጤና አዳሟን ለመቅጠፍ ድንጋዩን እየተሻገረች ሦስት ቀን ታገሠችኝ። በአራተኛው ቀን ጎረቤት ለበዓል ካሮትህን እየለመነች ነው፣ ልስጣት ወይ? ብላ ጠየቀችኝ።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ ሻንቆ ይኖራሉ። የጨንቻ ሰው ናቸው፣ ሸማኔ። አጥር ያልኩት በአንድ ወገኑ የተገነጠለ ቆርቆሮ ነው፤ በተገነጠለው በኩል ሰው ያልፋል፣ ሰሃን ያልፋል፣ ወሬ ያልፋል። ከጠዋት ጀምሮ የመወርወሪያቸው ድምፅ ይሰማናል፤ ድምፁ ሲቆም ምሳ መድረሱን እናውቃለን። እኚህ ሰው ከግድግዳቸው ሥር፣ ጣሪያው በሚያጠላበት መስመር፣ በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን፣ በቀለም ባልዲና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቅጠል ብቻ ደርድረዋል። አንዱ ብርማ ነው፣ ሲነኩት ለስላሳ ጸጉር አለው። አንዱ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲገለብጡት ሐምራዊ ነው። አንዱ ኖራ የተረጨበት ይመስላል። ከሁሉም ኋላ ጥጉ ላይ እንሰት ቆሟል። አበባ የሚባል ግን ለመድኃኒት የለም። ለብዙ ዓመት በልቤ አዝንላቸው ነበር።

አንድ ቀን ሐዘኔታዬ ገንፍሎ መቼ እንደሚያብብ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሻንቆ እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ አወጡ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ወጡ፣ ከአንዱ ቆርቆሮ አንዲት ቅጠል ቆርጠው እኔን አስከትለው ተመለሱ። ሽመናው ላይ የተጀመረ ነጠላ ተወጥሯል። ቅጠሏን ጥለቱ ላይ አስቀመጧት። የቅጠሏ ዳር ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ብርማ፣ መሀሉ ጥቁር አረንጓዴ፤ ጥለቱም በዚያው ተራ ወርዷል። ቅጠሏ ጥለቱ ላይ ከመጥፋቷ የተነሣ መልሰው ለማንሣት በጣታቸው ዳበሷት። አበባ አይቼ ጥለት ስጀምር ሳልጨርስ ይረግፍብኛል፣ ቅጠል ግን እስክጨርስ ይጠብቀኛል አሉኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የእሳቸውን ጥለት ሰው ለብሶት በበሬ ሲያልፍ እያየሁ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። በእውነት አፈርኩ።

ልጃቸው ትዕግሥት ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል። የቀሚሷን ጨርቅ አባቷ እንደሚሠሩት የታወቀ ነው፤ የጥለቱ ነገር ግን ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ ከረመ። ጓደኞቿ ከስልክ ላይ ፋሽን ያሳይዋታል፣ እሷ አንዱንም አትወድም። አንድ እሑድ ወደ ቆርቆሮዎቹ ሄዳ ከዳር እስከ ዳር አየችና አንዷ ዘንድ ቆመች። ቤተሰቡ ባለ ቀለሟ የሚላት ናት። መሀሏ የተቀቀለ ቀይ ሥር የመሰለ ቀይ፣ በቀዩ ላይ ደማቅ ሮዝ ጅማት፣ ዙሪያዋን ደግሞ የመጋዝ ጥርስ ያለው ቢጫ ጠርዝ። ጋሽ ሻንቆ ያገኟት ሰው ቤቱ ፈርሶ ሲነሣ ጥሏት ከሄደበት ፍርስራሽ ላይ ነው፤ ሁለተኛ የላትም። ትዕግሥት ይቺ ትሁን አለች። ሁለት ቀን ሙሉ የመወርወሪያው ድምፅ ጠፋ። ጋሽ ሻንቆ ከደስታ ብዛት ሥራ መፍታታቸውን በኋላ ነው የሰማነው።

እንግዲህ ፎቶ አንሥቶ ክር መግዛት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። በሦስት ስልክ አነሣናት። በእኔ ስልክ ቲማቲም መሰለች፣ በትዕግሥት ስልክ ወይን ጠጅ፣ በእሳቸው ስልክ የተቆላ ቡና። ጋሽ ሻንቆ ሦስቱንም ለክር ሻጩ ሲያሳዩት ሦስት ዓይነት ቀይ ክር አወጣላቸው፤ አንዱም እሷን አልሆነም። ክር የሚገዛው እርጥብ ቅጠል በእጅ ይዞ፣ ከሱቁ ደጅ በቀን ብርሃን እያስተያዩ ነው አሉኝ። የቀረው ክር መግዛቱ ነበር፣ እሱንም ከመስቀል መልስ ሊያደርጉት ወሰኑ።

የመስቀልን ነገር ሽሮ ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሸማኔው መንደር በሙሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ድር እንደተወጠረ፣ መወርወሪያው እንደተቀመጠ በሩ ይቆለፋል። የጋሽ ሻንቆም ቤተሰብ ለሦስት ሳምንት ሊሄድ ተነሣ። ሌሎቹን ቅጠሎች የመስከረም ዝናብ ይበቃቸዋል፤ ባለ ቀለሟ ግን አፈሯ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ትጠማለች። ሊሄዱ ሲሉ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይዘዋት መጡ።

"ጋሼ፣ ይቺን አደራ" አሉኝ በሁለት እጃቸው አቅርበው። "በእናንተም ጣሪያ ጫፍ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ እያገኛት ትቀመጥ። አፈሯ ሲደርቅ ውሃ። አበባ ላውጣ ስትል ጫፏን በጥፍርዎ ቆረጥ ያድርጉላት። ሌላ ምንም አትፈልግም።"

እኔም እሺ አልኩ፤ አንገቴን ብዙ ጊዜ ነቀነቅኩ። ውስጤ ግን አልረካም። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ወንበር እንኳ ሲረከቡ ሦስት ቅጂ ይፈረማል። የሰርግ ቀሚስ የተንጠለጠለባት ቅጠል በአራት ዓረፍተ ነገር ትተላለፋለች? ዘነቡ ለእኔ ስጠኝ፣ ከጤና አዳሜ ጎን አኖራታለሁ አለች። አደራው የተሰጠው በእኔ ስም መሆኑን አስታወስኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እኔ ፕላስተርና እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ተመልሼ ፎቶ አነሣኋትና ስልኩን ጠየቅኩ። ስልኩ አንድ የማላውቀውን ረጅም ስም ሰጣትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የምትኖር፣ ፀሐይ የማትወድ፣ ቤት ውስጥ የምታድግ ናት አለ። የጋሽ ሻንቆ የጠዋት ፀሐይ ከዚህ ጋር አልገጠመም። ምስኪን ሽማግሌ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ፀሐይ ላይ ሲያንገላቷት ኖረዋል ብዬ አዘንኩ። እሳቸው ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳሉ። ቅጠሏን ሳሎን አስገባሁ፣ ቡፌው ላይ የነበረውን የሰርጋችንን ፎቶ አንሥቼ በቦታው አስቀመጥኳት፣ መጋረጃውን ዘጋሁ። በቀን ሦስቴ ውሃ አጠጣኋት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እሷን አስተዋውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ ይኼንን ዘነቡ በሌለችበት ነው።

በሳምንቱ ቀይ ቀለሟ መሸሽ ጀመረ። በመጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩና መነጽሬን ጠረግኩ። በነጋታው ቢጫው ጠርዝ ጠፋ። አንገቷ ረዝሞ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ መስኮቱ አሰገገች። በአሥረኛው ቀን ቡፌው ላይ የቆመችው መሀሏ ላይ ቀጭን ሮዝ ክር ብቻ የቀራት፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር ናት። ዕድሜ ልኬን ቅጠልን ሁሉ ጎመን ስል ኖሬ በገዛ ሳሎኔ ባለ ቀለሟን ጎመን አደረግኋት።

በዚያው ሰሞን ወጥ ቤት ውስጥ፣ በመስኮቱ ላይ፣ ከበርበሬው ዕቃ ጎን አንዲት ቅርንጫፍ በውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ቆማ አየሁ። ቁጥር የሌለው ነገር ቤቴ ውስጥ ሲገኝ ዝም አልልም። ፎቶ አነሣኋት። መስኮቱ ከኋላዋ ስለሚያበራ ፎቶው ላይ ጥቁር ሆና ወጣች፤ ስልኩ ግን በሶብላ ናት አለ። ጫፏን ነካ አድርጌ አሸተትኩ፣ በርበሬ በርበሬ ሸተተኝ፤ በሶብላ ብዬ ጽፌ ጠርሙሱ ላይ ለጠፍኩ። ዘነቡ ድስቱ ላይ እንዳጎነበሰች ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሽንኩርቱ መስሎኝ ነበር። ሽሮው ውስጥ ትንሽ ብትጨምሪበት ብላት እስኪ ትደግ አለችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሶብላዋ ላይ ውሃ እየጨመርኩ ነው ወደ ሳሎን በሽተኛዬ የምገባው።

ባለ ቀለሟ አረንጓዴ ስትሆን እንደገና ፎቶ አነሣኋት። ስልኩ ሌላ ስም ሰጣት፤ ውብ አበባ የምታወጣ ናት አለ። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ጫፏ ላይ ቀጭን ነገር ብቅ ብሏል። የጋሽ ሻንቆ የጥፍር ትእዛዝ ትዝ አለኝ። እጄ ግን እምቢ አለ። ስድሳ ዓመት አበባ ስናፍቅ የኖርኩ ሰው፣ አያብብም የተባለ ቅጠል ሳሎኔ ውስጥ ሲያብብልኝ በጥፍሬ ልቁረጠው? ጋሽ ሻንቆ ሁልጊዜ ስለሚቆርጧት አበባዋን አይተው አያውቁም፤ ሲመጡ እደንቃቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አበባው በአምስት ቀን ወጣ። ሰማያዊ የመሰለ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ ያለ መነጽር የማይታይ። ጎረቤቶች ጠርቼ አሳየሁ። አንዷ አየችና ይኼ ነው? ብላ ሄደች።

አበባው ወደ ላይ ሲወጣ ቅጠሎቹ ከታች አንድ በአንድ ይረግፉ ጀመር። አልጣልኳቸውም። አዲስ ፎልደር ከፍቼ እያንዳንዷን በወረቀት መሀል አስቀመጥኩ፤ ቅጠል ቁጥር አንድ፣ ከታች በግራ በኩል፣ የረገፈችበት ቀን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ። ቁጥር ሁለት፣ እንደዚሁ። ዘጠነኛዋ ላይ ስደርስ ምክንያቱ እኔ መሆኔ እየገባኝ ነበር፣ በጽሑፍ ግን አላሰፈርኩትም።

ጋሽ ሻንቆ ከጨንቻ ደወሉ። ቤተሰቡ ሰላም ነው፣ በዓሉ ጥሩ አለፈ፣ በሳምንት ይመለሳሉ። ከዚያ እሷስ? አሉኝ። ደህና ናት አልኩ፤ አብባለች የምትለዋን ግን ዋጥኳት። ትዕግሥት ስልኩን ተቀብላ ቀሚሱን የምትሰፋላት ሴት ልኳን እንደወሰደች፣ እሷም ያቺን ቅጠል በሕልሟ እንዳየቻት ነገረችኝ።

በድንጋጤ ለሦስተኛ ጊዜ ፎቶ አነሣሁ። ስልኩ አሁን ሙሉ ፀሐይ የምትወድ የበረሃ ተክል አደረጋት። በእኛ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው ቦታ የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። መሰላል ደግፌ ወጣሁና እዚያ ላይ አስቀመጥኳት። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቿ ተንጠለጠሉ፣ ጫፋቸው ቡናማ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጦጦ ጠቆረ። ደመናው ወደ እኛ ሲወርድ መሰላሉን እየፈለግኩ ነበር፤ መሰላሉን ሳገኝ በረዶው ደረሰ። ጣሪያው ላይ በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ፣ የዘነቡን ጃንጥላ ቅጠሏ ላይ ዘርግቼ፣ በረዶው የገዛ ራሰ በራዬን እየደበደበኝ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። አገሩ ያልገባው ሰፈርተኛ ሁሉ በየበሩ ቆሞ ያያል። ዘነቡ ከታች ሆና "ሰውዬ፣ አንተም ውረድ፣ እሷንም አውርዳት" አለችኝ።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ፎልደሬን ይዤ፣ አንዲት እርጥብ ቅርንጫፍ በሶፍት ጠቅልዬ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣሁ። ስገባ ልቤ አረፈ። ብዙዎቹ ዛፎች ሥር የስም ሰሌዳ አለ፤ ሰው በዚህ ምድር ላይ ሥርዓት ያለው ቦታ ማየት ከፈለገ እዚያ ይሂድ። አንድ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወጣት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ዛፍ በጥሞና ይመለከታል። ተመራማሪ መሆኑ ያስታውቃል ብዬ ቀረብኩና ፎልደሩን ከፈትኩ። ከቅጠል ቁጥር አንድ እስከ አሥራ አራት፣ ከሳሎን እስከ በረዶ፣ ሳላስቀር አስረዳሁት። ታግሦ ሰማኝ፣ ቅጠሎቹንም አገላብጦ አየ። ስጨርስ በጣም አዝኖ ሚዜ መሆኑን፣ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ እየመጡ መሆኑን ነገረኝ።

ከኋላችን መደቡን የምትኮተኩት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ሳቋን ልትደብቅ ሞከረች። መጥታ ቅርንጫፏን ተቀበለችኝ። ስልክ አላወጣችም። ግንዷን በሁለት ጣቷ አሽከረከረችና እኔንም አስነካችኝ፤ ክብ ያልኩት ግንድ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚወጡ፣ ቀጣዩ ጥንድ ከታቹ ጋር መስቀለኛ እንደሚሆን አሳየችኝ።

"ኮሊየስ ናት" አለችኝ። "ከበሶብላ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ግንዳቸው ያስታውቃል።"

በሶብላማ ቤቴም አለኝ አልኳት በኩራት።

ምን ላድርግ ስላት ከጣሪያ ጫፍ ሥር የጠዋት ፀሐይ እያገኛት ትቀመጥ፣ አፈሯ ሲደርቅ ውሃ፣ አበባ ስታወጣ ጫፏን መቁረጥ፣ ሌላ ምንም አትፈልግም አለች። ጋሽ ሻንቆ ያሉትን ቃል በቃል ነው። ቅጠሏ በጥላ ብዛት ቀይ ቀለሟን እንደምትተው፣ በኃይለኛ ፀሐይ ደግሞ እንደምትቃጠል፣ አበባው ጉልበቷን እንደሚወስድባት አስረዳችኝ። የረዘመውን ሁሉ ቆርጬ ብጥለው ከሥሩ አዲስ ቀለም ይዛ ትመጣለች፣ ግን ጊዜ ይስጧት አለችኝ። ጊዜ ነበር የሌለኝ።

ሴትዮዋ ሐዘኔን አይታ መሰለኝ ሥራዋን ትታ በየመደቡ አዞረችኝ። ብርማው ቅጠል ከብሩ ሥር አረንጓዴ መሆኑን፣ ብሩ ፀሐይ የሚከላከልለት ጸጉር መሆኑን በአውራ ጣቷ አሽታ አሳየችኝ። አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደ ደብዳቤ ሲወጣ፣ ሲዘረጋ እጥፋቱ ላዩ ላይ ሲቀር አየሁ። የአንዱን ቅጠል ሆድ ገልብጣ ሐምራዊውን ስታሳየኝ፣ ጋሽ ሻንቆ ጋ ስንት ዓመት ያየሁት ያው ቅጠል ነው፤ ገልብጬው ግን አላውቅም። ስድሳ ዓመት ቅጠል መሀል ኖሬ ቅጠል ያየሁት ያን ቀን ነው። ስወርድ ዊንጌት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ በየአጥሩ ሥር ቆሜ ቅጠል እየገለበጥኩ ስለነበር ታክሲው ጥሎኝ ሄደ።

ቤት እንደደረስኩ አበባውን ቆረጥኩ። የረዘመውን ቆረጥኩ። የቀረው አንድ ጣት ተኩል የሚሆን ጉቶ ነው። ከጣሪያው ጫፍ ሥር አስቀመጥኩትና በአራተኛው ቀን ከየአንጓው ሁለት ሁለት ቅጠል ብቅ አለ፤ ቀይ ነው፣ እውነተኛ ቀይ፣ ግን እያንዳንዱ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። በዚያ ክር አይገዛም።

ጋሽ ሻንቆና ትዕግሥት እንደተመለሱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገቡ። የጨንቻ ፖም በፌስታል አምጥተውልናል። እሳቸው ፖሙን ሰጡኝ፣ እኔ ጉቶውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሳሎኑን፣ አበባውን፣ ጣሪያውን። ትዕግሥት አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ ሻንቆ ጉቶውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ትንንሾቹን ቅጠሎች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ዘነቡ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ በሶብላዬን ይዛ መጣች።

መስኮቱ ላይ ሆና ሁልጊዜ ብርሃን ከጀርባዋ ስለነበር እንደዚህ ከፊት አይቻት አላውቅም። ስድስት ጥንድ ቅጠል። መሀሉ የተቀቀለ ቀይ ሥር፣ በላዩ ሮዝ ጅማት፣ ዙሪያውን ባለ መጋዝ ቢጫ ጠርዝ። ውሃው ውስጥ ነጭ ሥር ተንዠርግጓል። ጠርሙሱ ላይ፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ፣ በሶብላ ይላል።

"አደራው የመጣ ቀን፣ እሱ ፕላስተር ፍለጋ ጓዳ ሲገባ ጫፏን ቀጠፍኩ" አለች ዘነቡ ለጋሽ ሻንቆ። "ባሌን አውቀዋለሁ።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሠቃይ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠየቅኳት። በየጠዋቱ ራስህ ውሃ እያጠጣሃት ምን ልበልህ? አለችኝ። ጋሽ ሻንቆ ጽሑፉን አነበቡ፣ ቅጠሏን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ትዕግሥትም እያለቀሰች ሳቀች፣ ዘነቡን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። እኔ የምይዘው ስላጣሁ ፎልደሬን ይዣለሁ።

ጋሽ ሻንቆ ሳቃቸው ሲበርድ እሱ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እንዳይጠይቁኝ የፈራሁት እሱን ነበር። ፎልደሩን ተቀብለው አንድ በአንድ ገለጡ። ማንም ሰው፣ መሥሪያ ቤትም ሳለሁ፣ የእኔን ፋይል በዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ገልጦት አያውቅም። ቅጠል ቁጥር ዘጠኝ ላይ ቆሙ። ሳሎን ውስጥ የገረጣችው ናት። አንሥተው ወደ ብርሃኑ አወጧት፣ አራቋት፣ አቀረቧት።

"ይቺን ልውሰዳት?" አሉኝ።

ደርቃለች እኮ አልኳቸው። ክርም ደረቅ ነው አሉኝና በሸሚዛቸው ኪስ ከተቷት። በማግስቱ ጠርሙሷን በክንዳቸው ታቅፈው ወደ ክር ሻጩ ሲወርዱ በቀዳዳው አየኋቸው። ከሰዓት በኋላ መወርወሪያው መሰማት ጀመረ።

ጥር ላይ ትዕግሥት በአዳራሹ በር ስትገባ ከሙሽራው በፊት ያየሁት የቀሚሷን ጠርዝ ነው። ቀዩ ወርዷል፣ በቀዩ ላይ ሮዝ ጅማቱ አለ፣ ቢጫው ዳር ዳሩን ጥርስ ጥርስ ሆኖ ዞሯል። በተራመደች ቁጥር ቅጠሏ ነፋስ የነካት ትመስላለች። እንዲህ ያለ ውብ ነገር የሚሠራ ሰው ከቆርቆሮ አጥሬ ማዶ ስላኖረልኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ከሁሉም በታች፣ ቢጫው በሚያልቅበት፣ ከጣት የቀጠነ ፈዛዛ አረንጓዴ መስመር አየሁ። ሌላውን ቀለም ሁሉ ያደመቀው እሱ ነው። ባለ ቀለሟ ላይ ግን እንዲህ ያለ አረንጓዴ አልነበረም።

ጋሽ ሻንቆ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ያቺ ቀጭን አረንጓዴ ከየት መጣች ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኳቸው።

"እሷማ የእርስዎ ሳሎን ናት" አሉኝ።

ዘነቡም ሰምታለች። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ የምታወራው ግን የበሶብላውን ነው።